ፊዚካል ጂኦግራፊ ሽምደዳ ብቻ ነው እንዴ? የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ

ሶሻል_11፦
ሰላም ለዚህ ቤት። 11ኛ ክፍል ሶሻል ነኝ። ጂኦግራፊ ላይ ውጤቴ መጥፎ የሚባል አይደለም ግን እውነት ለመናገር ምንም አልገባኝም፣ ማለቴ የምድርን ዘመናት ፕሪካምብሪያን ፓሊዮዞይክ ሜሶዞይክ ሴኖዞይክ ብዬ በተርታ እጠራላችኋለሁ፣ አዲግራት ሳንድስቶን የሚባለው አሸዋ ድንጋይ በየትኛው ዘመን እንደተሠራም እነግራችኋለሁ፣ አይቲሲዜድ የሚባለው የነፋሶች መገናኛ በሐምሌ የት በጥር የት እንደሚውልም አውቃለሁ፣ ግን ለምን ካላችሁኝ ዝም ነው። ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ደሞ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል። ኮንቱር፣ ያ የካርታ የከፍታ መስመር፣ ሲመጣማ ጭራሽ፣ መስመሩን አያለሁ ተራራው አይታየኝም። ታላቅ ወንድሜ ፍሬሽማን ላይ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚባል ኮርስ ወስዶ ያው የሃይስኩሉ ነው ተመልሶ የሚመጣው ብሎኛል፣ ስለዚህ አሁን ካልገባኝ ሁለቴ ልሸመድደው ነው። የገባችሁ ካላችሁ እንዴት እንደገባችሁ ንገሩኝ እስቲ።

ሸምዳጁ፦
ብሮ አትጨናነቅ። ማትሪክ ምርጫ ነው፣ ሾርት ኖት ያዝ፣ የቆዩ ኢንትራንሶችን ሥራ፣ በቃ። እኔ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት፣ ዛሬ ባንክ እሠራለሁ፣ እስካሁን አንድም ደንበኛ መስኮቱ ጋ መጥቶ ሜሶዞይክ መቼ ነበር ያለኝ የለም።

ሶሻል_11፦
ብሮ ሳይሆን ሲስ በለኝ ሃሃ። እሱንማ እያደረግኩት ነው፣ የምጠፋው ጥያቄው ትንሽ ሲጠማዘዝ ነው። ባለፈው ሞዴል ላይ "የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ዕድሜው የት ይበልጣል፣ ኦጋዴን ወይስ ሰሜን ምዕራብ" የሚል መጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ገመተ።

ቲቸር_ጠመኔ፦
ያቺ የሞዴል ጥያቄ ቆንጆ ጥያቄ ናት እኮ፣ ማን እንዳወጣት ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። ክፍለ ሀገር ሃይስኩል ነው የማስተምረው፣ ይሄንን ምዕራፍ የምጀምረው ከመጽሐፉ ሰንጠረዥ ሳይሆን ከአባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ አስቢው። ላይ ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከሱ ሥር ኖራ ድንጋይ፣ ከሱም ሥር ድልድዩ አካባቢ ሌላ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ። ወንዙ ቆርጦ ነው ያሳየን፣ መቆፈር አላስፈለገም። አሁን ከታች ወደ ላይ አንብቢው። በሜሶዞይክ መሬቱ እየሰመጠ ሲሄድ ባህር ገባ፣ የገባው ከደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ዛሬ ኦጋዴን በምንለው በኩል። ባህር ሲገባ መጀመሪያ ዳርቻው ላይ የሚጥለው አሸዋ ነው፣ እሱ ነው አዲግራት ሳንድስቶን የተባለው። ውሃው እየጠለቀ ሲመጣ አሸዋው ቀርቶ ኖራ መዝቀጥ ጀመረ፣ ያ አንታሎ ላይምስቶን ነው። ከዛ መሬቱ ቀስ እያለ ሲነሳ ባህሩ በመጣበት ተመለሰ፣ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ዳርቻ አለ፣ ዳርቻ ካለ አሸዋ አለ፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ መጣልሽ። በመጨረሻ በሴኖዞይክ መሬቱ አብጦ ተሰነጠቀና ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫው በስንጥቁ ወጥቶ ሁሉንም አለበሰው።

ጥያቄሽን አሁን መልሺው። ባህሩ ኦጋዴን ቀድሞ ከደረሰ የታችኛው አሸዋ የት ቀድሞ ተጣለ? የላይኛው አሸዋስ፣ ባህሩ ቀድሞ የለቀቀው ማንን ነው?

ሶሻል_11፦
የታችኛው ኦጋዴን ይበልጣል፣ የላይኛው ሰሜን ምዕራብ ይበልጣል!! እንዴ ቲቸር ይሄ እኮ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው፣ እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰንጠረዥ ስንገለብጥ ነበር።

ሸምዳጁ፦
እሺ እሱ ይመቻል። ግን ቲቸር ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ማን ነው አባይ በረሃ ወስዶ የሚያሳየው? እኛ ጋ የነበረው ካርታ እንኳን የድሮዎቹ ክፍላተ ሀገራት ያሉበት ነበር፣ ኤርትራም አብራ አለች።

ቲቸር_ጠመኔ፦
ልክ ነህ፣ ግሎብ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፣ ኮንቱር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስትስል የምትሰቃየው እኔ ነኝ። አባይ ካልተቻለ ግን በየከተማው አንድ የተቆረጠ ዳገት ይጠፋል? የመንገድ ሥራ በየቦታው አለ፣ ግሬደር የቆረጠው ግድግዳ ላይ ቀይ አፈር፣ ከሥሩ የበሰበሰ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጤነኛ ድንጋይ ይታያል። የአፈር ፕሮፋይል ማለት እሱ ነው። ልጆቹ በየቀኑ አጠገቡ እያለፉ ክፍል ገብተው ኤ ሆራይዘን ቢ ሆራይዘን ሲ ሆራይዘን ብለው ይጽፋሉ።

የጎጃም_መስመር፦
እኔ 8ኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ሹፌር ነኝ፣ ጎሃ ጽዮን ደጀን ያላችሁትን ሳይ ነው የገባሁት። ስለ ድንጋዩ አላውቅም ነበር፣ ቀለሙ እየተቀያየረ እንደሚሄድ ግን ዓይኔ ያውቀዋል። ሌላውን ልንገራችሁ፣ ጎሃ ጽዮን ጠዋት ጃኬት ለብሰህ ሻይ ትጠጣለህ፣ ታች ድልድዩ ጋ ስትደርስ መስኮት ከፍተህ ሸሚዝህን ትፈታለህ፣ ደጀን ስትወጣ መልሰህ ትለብሳለህ። ላይ ጤፍና ስንዴ ነው፣ ታች ማሽላና ቁጥቋጦ። በዛ ላይ ክረምት ላይ መንገዱ ይንሸራተታል፣ ስንት ጊዜ አስፋልቱ ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ አይተናል።

ቲቸር_ጠመኔ፦
ሹፌሩ የአየር ንብረቱን ምዕራፍ በሙሉ አስተማረልኝ። ተማሪዎች፣ ከጠርዙ እስከ ድልድዩ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀየራል ብለን የምንሸመድደው ላፕስ ሬት የሱ ጃኬት ነው፣ 1.4 ሲባዛ በ6.5 ወደ 9 ዲግሪ ይመጣል። ቆላ ከ500 እስከ 1,500፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200 ወይም 3,300፣ ከዛ በላይ ውርጭ፣ ከ500 በታች በረሃ የሚለውም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ስለ መንሸራተቱ ደግሞ፣ ድንጋዮቹ መሃል ለስላሳ ሼልና ጂፕሰም አለ፣ ክረምት ውሃ ሲጠጡ ከላያቸው ያለው ሁሉ ይንሸራተታል።

ሶሻል_11፦
ሹፌሩ እናመሰግናለን! ግን ደጋ 3,200 ነው 3,300? እኛ መጽሐፍ ላይ አንድ ነው፣ ሾርት ኖት ላይ ሌላ። ራስ ደጀንም እንደዛው፣ 4,620፣ 4,550፣ 4,533፣ የቱን ልጻፍ?

ኮንቱር_ማን፦
ይሄ ያናድደኛል፣ ጂአይኤስ፣ ማለት የኮምፒውተር ካርታ ነው የምሠራው። 4,620 የድሮ መጻሕፍት ቁጥር ነው፣ አዳዲስ ልኬቶች ሁሉ ከሱ በታች ናቸው። ፈተና ላይ የያዝሽውን መጽሐፍ ጻፊ፣ ሌላ ምን ትያለሽ። የዞኖቹ ወሰን ላይ ግን አትጨናነቂ፣ ተፈጥሮ 2,300 ሜትር ላይ አጥር አልሠራችም። መንዝ ብትሄጂ ገበሬው ውርጭ መግባቱን የሚያውቀው በጓሳ ሣሩና በጅብራ ተክሉ ነው፣ ገብስ እምቢ ሲለው ሜትር አያስፈልገውም።

ሳይት_ኢንጂነር፦
እኔ ናቹራል ነበርኩ፣ ጂኦግራፊ ከ10ኛ በኋላ ተገላገልኩ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን የምበላው ከሱ ነው። አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ቤት የሠራችሁ ሰዎች ግድግዳችሁ ለምን እንደሚሰነጠቅ ታውቃላችሁ? ዋልካ ነው። መጽሐፉ ቨርቲሶል ይለዋል፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እግርህን የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ቤቱን በዓመት አንዴ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል ማለት ነው። ለዛ ነው ዋልካውን ቆርጠን አውጥተን ሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለት የማያብጥ የተመረጠ አፈር የምንሞላው። ባለቤቱ ሰሌክቱን ልቀንስ ሲል ኮንትራክተሩ ደስ ይለዋል፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ግን ፎቶ ይልክልሃል። ሸምዳጁ፣ ባንክህ ለዛ ቤት ብድር ሲሰጥ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ቢኖረው አይከፋም።

ሸምዳጁ፦
ሃሃ እሺ ተመታሁ። የራሴ ቤት ሳሎኑ ተሰንጥቋል ለማንኛውም።

ሶሻል_11፦
አሁን አይቲሲዜድ ጋ ልምጣ። ክረምት ዝናብ የሚዘንበው አይቲሲዜድ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ነው ይላል፣ እሺ። ግን ታዲያ ለምንድነው ሁሉም ቦታ እኩል የማይዘንበው? ካርታው ላይ አራት የዝናብ ሪጂን አለ፣ ሸመደድኩት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቡኖ_ነኝ፦
እኛ ኢሉባቦር ጎሬ አካባቢ በጋ የሚባለው ነገር ሲያልፍ እንኳን አይታወቅም፣ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ማካፋት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ኅዳር ነው። አዲስ አበባ ስመጣ ሰዉ "ክረምት ገባ" ሲል እኛ ጋ እኮ አልወጣም እላለሁ።

የጎዴ_ልጅ፦
እኛ ጋ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ነው። ዝናባችን ጉ ነው፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ገደማ፣ ከዛ ዴይር በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይመጣል። ቦረናም እንደኛ ሁለት ነው፣ ገና እና ሃገያ ይሉታል። እኔ ልጅ ሆኜ ቲቪ ላይ "የክረምት ጎርፍ" ሲባል ሌላ አገር ይመስለኝ ነበር።

ቲቸር_ጠመኔ፦
ሁለታችሁ ጨረሳችሁት ግን ላገናኘው። ፀሐይ ቀጥ ብላ የምታሞቀው ቦታ ላይ አየር ይነሳል፣ ከሰሜንና ከደቡብ ነፋስ እዛ ይገናኛል፣ ያ መገናኛ ነው አይቲሲዜድ፣ ፀሐይን እየተከተለ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይሄዳል። በሐምሌ እኛን አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ያኔ እርጥብ ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ተስቦ ይገባል። መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? የኢሉባቦርንና የከፋን ተራራ። ለዛ ቀድሞ ይጀምራል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሄድሽ ቁጥር የዝናቡ ወራት ያጥራሉ። ጎዴና ቦረና ላይ ደግሞ መገናኛው በዓመት ሁለቴ ያልፋል፣ አንዴ ወደ ሰሜን ሲሄድ በጸደይ፣ አንዴ ሲመለስ በመፀው፣ እርጥበቱም የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ሐምሌ ላይ ግን እዛ ያለው ነፋስ ሳያርፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያልፍ ነው፣ ስለዚህ ደረቅ። አፋርና ቀይ ባህር ዳር ያለው አራተኛው ሪጂን የበጋ ካፊያ ያገኛል፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ቀይ ባህርን ሲሻገር የሚይዛት ትንሽ እርጥበት ናት።

አሁን የኔ ጥያቄ። አዲስ አበባ በሰኔና በሐምሌ ፀሐይዋ ከመጋቢት ይልቅ ወደ ሰሜን አልፋለች፣ ቀኑም ረጅም ነው። ታዲያ ለምን መጋቢትና ሚያዝያ ይሞቃል?

ሶሻል_11፦
ደመና?

ቲቸር_ጠመኔ፦
ደመና። ጨረሩን ይመልሰዋል። ደግሞ አንድ ነገር ሞክሪ፣ አዲስ አበባ ከሆንሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ግቢ ውስጥ ዱላ ትከዪ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ጥላው ወደ ደቡብ ነው የሚያርፈው፣ ሌላውን ጊዜ ወደ ሰሜን። 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ መኖር ማለት እሱ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው ይሄን በሕይወቱ አያይም።

ኮንቱር_ማን፦
እኩለ ቀን ስትል ሰዓቱን አስተካክልላት፣ አለዚያ ልክ 6 ሰዓት ላይ ወጥታ ጥላው ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎባት ቲቸር ዋሸኝ ትላለች። ሰዓታችን የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፣ አዲስ አበባ ያለችው 38.7 አካባቢ ነው፣ ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ነው የምታልፈው፣ ልዩነቱን በ4 ደቂቃ ስታባዢው 25 ደቂቃ ያህል። እንደ ወሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ሁሌም ከ6 ሰዓት አልፎ ነው። ጋምቤላና ጅጅጋም አንድ ሰዓት ነው የሚጠቀሙት ግን ፀሐይ ጅጅጋ በግማሽ ሰዓት ያህል ትቀድማለች። ኢትዮጵያ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ብለሽ የሸመደድሽው 15 ዲግሪ ማለት ከዳር እስከ ዳር የአንድ ሰዓት የፀሐይ ልዩነት ነው።

ሶሻል_11፦
ኧረ ይሄንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። 33 እስከ 48ን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው የምጽፈው።

ቤርሼባ_ያለሁ፦
እኔ እስራኤል ነው ያለሁት፣ እናት ነኝ፣ ልጄ እዚህ ሃይስኩል ናት። ሙት ባህር በትምህርት ቤት ትሪፕ ሄደው ከባህር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ነው ብላ መጣች። እኔም በኩራት ያ ስምጥ ሸለቆ ከሶሪያ ተነስቶ በኛ አገር አልፎ ሞዛምቢክ ይደርሳል አልኳት፣ እንደዛ ነው ጎንደር የተማርኩት። እሷ ግን አንድ ዓይነት አይደለም ትለኛለች፣ ተከራክረን ተኛን። ማን ነው ልክ?

ቲቸር_ጠመኔ፦
እህቴ ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂያት ሃሃ። መጽሐፋችን ላይ ለብዙ ዘመን አንድ ረጅም ሸለቆ ተደርጎ ነው የተጻፈው፣ ካርታ ላይም ይመስላል። አፋር ላይ ያለው ግን መሬት ከመሬት የሚራራቅበት ነው፣ ቀይ ባህር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የኛ ስምጥ ሸለቆ ሦስቱ እዛ ይገናኛሉ። ሙት ባህር ጋ ደግሞ ሁለቱ ፕሌቶች፣ ማለት የምድር ቅርፊት ክፍሎች፣ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ፣ በሚተላለፉበት መስመሩ ሲታጠፍ መሃሉ ይከፈትና ይሰምጣል። የአረቢያ ፕሌት ወደ ሰሜን መሄዱ ሁለቱንም ያገናኛቸዋል፣ ስለዚህ ዘመዳሞች ናቸው በያት።

መተሐራ_ከተማ፦
ስለ መራራቅ ከተነሳ እኛን ጠይቁን። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ስንት ወር እንደተንቀጠቀጠ ታስታውሳላችሁ፣ አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ሌሊት ስትወርዱ ነበር። እኛ ጋ ሰው ቤቱን ትቶ ወጥቶ በድንኳን ነው የከረመው። ያኔ አንዱ ራዲዮ ላይ "ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ከሥር እየገባ ነው" ሲል አክስቴ "ታዲያ መቼ ነው የሚወጣው" አለች፣ ማንም የመለሰላት የለም። የበሰቃ ሐይቅስ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር ይባላል፣ ዛሬ ከ40 በላይ ነው፣ መንገዱንም ባቡሩንም አስለቅቋል፣ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ሸንኮራውንም ይጎዳል። ሌላው አገር ሐይቅ ደረቀ ይላል፣ የኛ ቤታችን ድረስ መጣ።

ቲቸር_ጠመኔ፦
ለአክስትህ እንዲህ በላት፣ ማግማ ከሥር የገባ ሁሉ አይወጣም፣ ብዙ ጊዜ በስንጥቅ ውስጥ ተሰራጭቶ እዛው ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2005 መስከረም አፋር ዳባሁ ላይ እንደዛ ነው የሆነው፣ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፣ በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር፣ ወደ ላይ የወጣው ግን ትንሽ ነበር። መጽሐፉ ላይ በዓመት በሚሊሜትር ይራራቃል የሚለው አማካይ ነው፣ መሬቱ ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ አንድ ቀን ነው የሚከፍለው። መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ቀን ቆርጦ የሚነግርህ ሰው ካለ ስልኩን ዝጋበት።

ሳይት_ኢንጂነር፦
ያን ሰሞን ደንበኞች ሁሉ ደውለው ሕንፃዬ ይችላል ወይ ሲሉ ነበር። ሰሞኑ አለፈ፣ ስልኩም ቆመ።

ሶሻል_11፦
የመጨረሻ፣ ኮንቱር። እባካችሁ።

ኮንቱር_ማን፦
ድንች አምጪ። ጎባጣና ወጣ ገባ የሆነውን ምረጪ፣ ለሁለት ቁረጪና ጠፍጣፋውን ወደ ታች አድርገሽ በሚያሳይ ሳህን ውስጥ አስቀምጪው፣ እንዳይንቀሳቀስ ያዢው። አንድ ሴንቲ ውሃ አፍስሺ፣ ውሃው ድንቹን የነካበትን ዙሪያውን በማርከር አስምሪ። ሌላ አንድ ሴንቲ፣ እንደገና አስምሪ፣ እስኪሰጥም። ከዛ ውሃውን ደፍተሽ ከላይ ቁልቁል እዪው፣ ያየሽው የኮንቱር ካርታ ነው። ቀጥ ባለው ጎኑ መስመሮቹ ተጠጋግተዋል፣ ዝርግ በሆነው ተራርቀዋል። ሸለቆ ያለበት ቦታ ቪ ይሠራል፣ የቪው ሹል ወደ ወንዙ ምንጭ ነው የሚያመለክተው። እሱን ካየሽ በኋላ ስኬል ቀላል ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ ሁለት ነጥብ 4 ሴንቲ ይራራቃሉ፣ አንዱ 2,100 ኮንቱር ላይ ነው ሌላው 2,500። ተዳፋቱ ስንት ነው?

ሶሻል_11፦
ድንቹን ማሚ ለወጥ ብላ ወሰደችው ግን ሠርቼዋለሁ፣ መስመሮቹም ታይተውኛል። 4 ሴንቲ በ50,000 ሲባዛ 200,000 ሴንቲ፣ ማለት 2 ኪሎ ሜትር። ከፍታው 400 ሜትር። 400 ለ2,000፣ 1 ለ5፣ 20 ፐርሰንት።

ቲቸር_ጠመኔ፦
ልክ ነሽ። ዩኒቱንም ሳትረሺ መቀየርሽን ወድጄዋለሁ፣ ግማሹ ክፍል እዛ ላይ ነው የሚወድቀው።

ሸምዳጁ፦
20 ፐርሰንት ብዙ ነው ትንሽ? መኪና ይወጣዋል?

የጎጃም_መስመር፦
ባዶውን ምናልባት። ሲሚንቶ ጭኜ ከሆነ እኔን ተወኝ፣ ሌላ ሹፌር ፈልግ።